ጫማዬን አላወልቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰዎች በቡድን ሆነው ጫካ በመግባት፣ ክብ ሠርተው በመቀመጥ፣ ከዛፍና ከአፈር ጋር በመዋል የልባቸውን ስብራት ስለሚጠግኑበት ዝግጅት ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ነገሩ መልካም ነው፤ ልነቅፈው አልተነሣሁም። ወላጆቻችን ኀዘናቸውን ማውጣት ስለማያውቁበት ልናስተምራቸው ይገባል የሚለው ሐሳብ ላይ ስደርስ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩና ብዕር ፈለግኩ።

እኔ እስራኤል ውስጥ ራምላ ከተማ የምኖር የ51 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቤተ እስራኤል ከምንባለው የኢትዮጵያ አይሁድ ወገን ነኝ። የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ፣ አምቦበር ነው። ላለፉት 16 ዓመታት ሥራዬ በክሊኒክና በሆስፒታል በሽማግሌዎቻችንና በሐኪሞች መካከል ተቀምጦ ማስተርጎም ነው። ሥራው የማይተረጎም ነገር ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ያሳያል። አንዲት እናት ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «ሆድ ይፍጀው» አሉት። ያኔ ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ ቃል በቃል መለስኩለት። የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላቸው። አመስግነው ወስደው ሄዱ። ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያስቀኛል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋም ሱዳን ላይ ዘመድ ቀብረው ለመጡ ሰዎች የኀዘን ቡድን አቋቁሞ እንዳስተረጉም ጠራኝ። ስምንት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ ታናሿ የእኔ እኩያ፣ ታላቋ ሰማንያን ያለፉ እማማ። ነጭ ክፍል፣ በክብ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መሐል ላይ አንድ ካርቶን የወረቀት መሐረብ። ቡድኑን የምትመራው ባለሙያ ደግ ልጅ ናት፤ አሁንም እንጠያየቃለን። «ዛሬ ምን ይሰማችኋል?» ትላለች፤ እተረጉማለሁ። «ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ እተረጉማለሁ። ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። መሐረቡን የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም ጉንፋን ይዞኝ።

ዝም ያሉት ማልቀስ ስለማያውቁ አልነበረም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ገና ሳይነጋ፣ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ማንም የሞት ወሬ ብቻውን እንዲሰማ አይደረግም። አልቃሽ ግጥም ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላታል፣ ሰባት ቀን ከኀዘንተኛው ቤት ሰው አይታጣም፣ ኋላም ተዝካሩ አለ። ከዚህ የበለጠ ኀዘን የማውጣት ትምህርት ካለ እኔም ልማረው። ሱዳን ላይ ግን ይህ ሁሉ ቀረብን። ቤተሰቤ ከአምቦበር የወጣው በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። ኡም ራኩባ ከሚባለው የስደተኞች ሰፈር ስንደርስ በሽታው ቀድሞን ገብቶ ነበር። ከአንዲት ጎጆ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት አስከሬን ይወጣ ነበር። አይሁድነታችንን እንሸሽግ ስለነበር እንደ ሥርዓታችን ተሰብስበን ድምፅ አውጥተን ማልቀስ አልቻልንም። የአራት ዓመት ወንድሜን አባቴ በሌሊት ቀበረው። በማግስቱ እናቴ እንደ ሌላው ሰው እህል ለመቀበል ተሰለፈች። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር ያለቀው ወገናችን ወደ 4,000 እንደሚደርስ ይነገራል። በ1977 ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ያመጣው የሙሴ ዘመቻ እኛንም አመጣን። ለቅሶ ሳንቀመጥ ነው የመጣን። እነዚያ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጦ የነበረው ይህ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ክፍሉ ሳያስጨንቃቸው አይቀርም ብላ ወደ ቤን ሼመን ጫካ ወሰደችን። ከራምላ ሩቅ አይደለም፤ በሰው እጅ የተተከለ ጥድ የበዛበት፣ ከሥሩ ነጭ ድንጋይ የሞላበት ኮረብታማ ቦታ ነው። ወደ ቤን ጉሪዮን ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ሰማዩን ይሰነጥቁታል። «ጫማችሁን አውልቁና መሬቱን በእግራችሁ ዳስሱት፤ ከዚያ ዐይናችሁን ጨፍኑ» አለች። ተረጎምኩ። ከአባቶች አንዱ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ባዶ እግሬን ከወገራ ሱዳን ድረስ ሄጃለሁ በያት። ጫማዬን አላወልቅም» አሉኝ።

ዐይን መጨፈኑም አልሆነም። በዚያ ጉዞ የምንሄደው ሌሊት ሌሊት ነበር፤ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ ተኝተን ሽፍታና ወታደር እናዳምጣለን። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሕፃን አፍ በእጃቸው አፍነው ያደሩ እናቶች በመካከላችን ነበሩ። ያቺ ባለሙያ ይህን ከየት ታውቅ? ለእርሷ ጫካ የዕረፍት ቦታ ነው። ያን ቀን የተማርኩት ዛፍና ነፋስ በራሳቸው መድኃኒት እንዳልሆኑ ነው፤ ሰው ከዚያ ዛፍ ሥር ምን እንዳየ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። «እንግዲያው ዛፉን እቀፉት» ስትል ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እርሷም አብራ ሳቀች። በስንት ሳምንት የመጀመሪያው ሳቃችን ስለሆነ ልፋቷ ጨርሶ ከንቱ ነበር አልልም።

ሰማንያን ያለፉት እማማ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው የሙልሙል ዳቦ የምታህል ድንጋይ አነሡ። የነጠላቸውን ጫፍ አጣጥፈው አናታቸው ላይ አደረጉ፤ ድንጋዩን ጫኑበትና ኮረብታውን ይወጡት ጀመር። አንድ ቃል አልተናገሩም። ሌሎቹም የየአቅማቸውን ድንጋይ አንሥተው ተከተሉ። ባለሙያዋ «ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሲግድ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያን ቀን የተረጎምኩት ነገር የለም።

ሲግድ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓላችን ነው። ብዙ ወጣቶቻችን የሚያውቁት ኢየሩሳሌም ላይ፣ አርሞን ሃናጺቭ ከሚገኘው መናፈሻ፣ ከባለቀለሙ የቄሶች ጃንጥላ ጋር ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አምቦበር ላይ ያየሁት እንዲህ ነበር። በዓሉ ከአስተሰርዮ (ከዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን ወር 29 ይውላል፤ በአገራችን አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፣ ሣሩ ወርቅ ሲመስል። ሰዉ ገላውንና ልብሱን አጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጾም ይዞ በማለዳ ይሰበሰባል። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆኖ ተራራውን ይወጣል። ድንጋይ የሚሸከመው ይሸከማል፣ በአናቱም በትከሻውም፤ በፈጣሪ ፊት ዝቅ ማለት ነው። ከላይ ሲደርስ ያወርደዋል። በዓመት በዓመቱ የወረደው ድንጋይ ነው የጸሎቱን ቦታ ዙሪያውን የሚያጥረው። ቄሶቹ በግእዝ ያነባሉ፣ በአማርኛ ይተረጎማል፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ምህላም እንለዋለን። ሴቶች እያለቀሱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ፤ ለኀጢአታቸው፣ ለኢየሩሳሌም፣ ለሞቱባቸው፣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ማንም አይጠይቃቸውም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት እህል ቋጥራ ትወጣ ነበር። ለሞቱት ማስታወሻ እንዲሆን ድንጋዮቹ ላይ ትበትነዋለች፤ ወፎች ይለቅሙታል። ሕፃን ሳለሁ በዓሉ የወፎቹ ይመስለኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ በነጋሪትና በቃጭል፣ በእልልታ ይወረዳል። ከታች ዳቦ ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል። ይህን መውረድ ማንም እንደ ትንሽ ነገር እንዳይቆጥርብኝ። በዕለቱ ከሚነበቡት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው። በምዕራፍ 8 ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሲሰማ ያለቅሳል፤ እነ ነህምያና ዕዝራ ደግሞ አታልቅሱ፣ ሂዱ ብሉ ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀለትም ድርሻውን ላኩለት ይሏቸዋል። በምዕራፍ 9 ያው ሕዝብ ጾሞ፣ ማቅ ለብሶ፣ ትቢያ ነስንሶ ይቆማል። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቀን አዋሉት፤ ልቅሶውን ከላይ፣ ማዕዱን ከታች። ተራራ መውጫ አለው፣ ጫፍ አለው፣ መውረጃ አለው። ያ ነጭ ክፍል ይህ አልነበረውም፤ ሰው ሲገባና ሲወጣ ያው ወንበር ላይ ነው። ድንጋይም ይከብዳል። አንገት ያማል። ስታወርዱት መቅለሉን የሚነግራችሁ አንገታችሁ ነው እንጂ አስተርጓሚ አይደለም።

ቤን ሼመን ኮረብታ ላይ እማማ ድንጋያቸውን አስቀምጠው የሁለት ልጆቻቸውን ስም ጠሩ። ቀጥሎ ሌላዋ። ጫማቸውን አላወልቅ ያሉት አባት የሚስታቸውን ስም ጠርተው ተንበረከኩ። ተራው ከእኔ ደረሰ፤ ለሥራ የመጣሁ አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ስም ከአፏ አላወጣችም፤ እኛም በፊቷ አላነሣነውም። የወንድሜን ስም ጠራሁ። እዚህ ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም፤ ከላይ ጠርቼዋለሁ።

ስንወርድ ተቋሙ ያዘጋጀው ብስኩት በፕላስቲክ ሳህን ቀርቦ ነበር። እማማ ቦርሳቸውን ፈቱና በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ። ሌሊት ተነሥተው የጋገሩት ነው። ለካስ ወደ ኮረብታ እንደምንሄድ የተነገራቸው ዕለት ሁሉን አስበው ጨርሰው ነበር፤ እኛ ስለ ጫማ ስንከራከር የጠበቁት ጨዋታው እስኪያልቅ ነው።

ሁሉም ዳነ ብዬ አልዋሽም። ከአባቶች አንዱ ዳግመኛ አልመጡም። አንዲት እኅት ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት እንቅልፍ አጥታ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄጃለሁ፤ መድኃኒቱ ረድቷታል። ተራራ የሐኪምን ቦታ አይወስድም። ደግሞም ሲግድ የቃል ኪዳንና የንስሓ ቀን ነው፤ የጭንቀት ማስታገሻ አድርጌ በማቅረቤ ቄሶቻችን ቢቆጡኝ እውነት አላቸው። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ሆቴል «የሁለት ቀን የሲግድ ዕረፍት፣ ቁርስን ጨምሮ» ብሎ ሲያስተዋውቅ እንዳላይ እኔም እፈራለሁ።

ሲግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኖ ሲታወቅ ቤታችን ዕልል ብለናል። አሁን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ የቄሶቹ ጸሎት ካበቃ በኋላ የመጀመሪያው ተናጋሪ ድምፅ ማጉያውን ሳይጨብጥ ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። ተናጋሪዎቹ ከመኪናቸው እስኪወርዱና እስኪጨባበጡ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ፤ የሚጎድልባቸው የለም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ድንጋይ የያዘ ያውርድ፣ እህል የቋጠረ ይበትን፣ ስም ያለው ስሙን ይጥራ። እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ፣ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ሱዳን ላይ ለሞቱት ወገኖቻችን የቆመው መታሰቢያ አለ፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እሄዳለሁ፣ ክብሩም ደስ ይለኛል። እዚያ ግን ወንበሩ በተርታ ነው፣ ፕሮግራሙ በደቂቃ ነው፣ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ከኋላ ናቸው።

ጽሑፉን ለጻፈችው ልጅ፦ አልተቀየምኩሽም። ቡድናችን ከተቋሙ ጋር የነበረው ጊዜ ካበቃ በኋላም በየወሩ የመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት ወደ ቤን ሼመን ይወጣል፤ ባለሙያዋም ስትችል ትመጣለች፣ አሁን ድንጋይ አመራረጧን አሳምራለች። አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ማግኘት ትችያለሽ። ጫማሽን አታውልቂ፤ እሾህ አለ። ድንጋይ እዚያው ሞልቷል፤ ዳቦ ግን ይዘሽ ነይ፣ እማማ አሁን እጃቸው ደክሟል።

ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ የታወቀ
ራምላ