ለቅዳሜው የኩዊልት ውድድር፦ ጭብጡ «ቤት» ነው

ሰላም እህቶች፣ (ወንድሞችም፣ አልረሳናችሁም!)

የቅዳሜው የኩዊልት (የጨርቅ ቁራጮች ተገጣጥመው በንብርብር የሚሰፉበት ሥራ) ውድድር ጭብጥ «ቤት» ሆኗል። መጠኑ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፤ የተሰጠን ጊዜ 3 ሰዓት ብቻ። ጨርቁን ከቤት ቆርጦ መምጣት ይቻላል፣ ሰፍቶ መምጣት ግን ክልክል ነው።

በርና መስኮት ካልሠራሁ ብላችሁ አትጨነቁ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች «የቤት ጣሪያ» የሚሉት አሠራር አላቸው። መሃል ላይ አንድ ካሬ ጨርቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ዙሪያውን ረዣዥም ቁራጮች እየቀጠሉ ትልቅ ያደርጉታል። ያረጀ የሥራ ሱሪ ሳይቀር ይገባበታል። የእነዚህ ሴቶች ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ሙዚየም ታይቷል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆኗል። ለእኛ የሚመቸን ስፌቱ በሙሉ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። ክብ ጎጆ እሠራለሁ የምትሉ ካላችሁ ድፍረታችሁን አደንቃለሁ፤ ክብ ስፌት ግን ሰዓት ይበላል።

የአሮጌ ቀሚስ ጥለት ያላችሁ አምጡ፣ ያምራል። ሸማ ስለሚሸበሸብና ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር ቀድማችሁ እጠቡት፣ ተኩሱት። የስፌቱን ትርፍ ጨርቅም ወደ 1 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ የተለመደው 6 ሚሊ ሜትር ለሸማ አይበቃም።

ላዩን፣ የመሃሉን ጥጥና ገበሩን፣ ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙና ቀጥታ መስመር ስፉበት። ለጠርዙ ቅምቅማት ቢያንስ 40 ደቂቃ አስቀሩ። ብዙ ሰው ሰዓት የሚያልቅበት እዚያ ላይ ነው።

ካውያ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ትርፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ማራዘሚያ ገመድም እንዲሁ።