አንድ ፎቶ፣ ሦስት መልክ፦ የፎቶግራፍ ክበብ ዘንድሮ

«ስክሪኑ ላይ እኮ ቆንጆ ነበር!» ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ የዚህን ያህል የተደጋገመ ነገር የለም። አንዱ ፎቶ ስክሪን ላይ አንድ መልክ አለው። ከፕሪንተራችን ሲወጣ ሌላ ነው። ፎቶ ቤት አሳጥበነው ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ። «ፎቶ ክበብ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ለሚሉ ባልደረቦቼ፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋነው በዚህ ላይ ነው።

ስብሰባው ረቡዕ ረቡዕ ቀጥሏል፤ የኮሚቴ ምርጫም ተደርጓል።

የማልረሳው ፎቶ ቤት የጎበኘንበትን ቀን ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ፎቶ ይዛ መጣች። በእኛ ፕሪንተር ሲወጣ ፊታቸው ቀልቷል። ፎቶ ቤት ሲታጠብ ደግሞ አመድ መስሏል። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ አየና ችግሩን ወዲያው አገኘው። ፎቶው የተቀመጠው አዶቤ አርጂቢ በሚባል ሰፊ የቀለም ክልል ነው፤ የእነሱ ማሽን ግን ፋይሉን ሁሉ ጠበብ ባለው የተለመደ የቀለም ክልል፣ እንደ ኤስአርጂቢ ያነበዋል። ስለዚህ ቀለሙ ይደበዝዛል። ወደ ኤስአርጂቢ ቀየረው፣ ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ አጠፋና እንደገና አተመው። ልጅቷ ፎቶውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። በቀን ብርሃን ብዙ አየችው። «አሁን አያቴን መሰለች» አለች። ዓመቱን ሙሉ የደከምኩት ለዚህች ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ የራሳችንን ጉድ ፈተሽን። ቅላቱ የመጣው ፎቶውን የምናትምበት የኮምፒውተር ፕሮግራምም ፕሪንተሩም ቀለሙን እኩል «ሲያርሙት» ነው። አንዱን አጠፋን፣ ተስተካከለ። ህትመታችን የሚጨልመውም ስክሪናችን ከልክ በላይ ስለሚያበራ ነበር። ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ያልተሳካልንም አለ። የፕሪንተር ቀለም አልቆብን የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ኤግዚቢሽን ቀርቷል። ወረቀትም ያገኘነውን ስንጠቀም ከረምን፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ደግሞ የራሱ ፕሮፋይል፣ ማለትም በዚያ ወረቀት ላይ ቀለሙ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል፣ ያስፈልገዋል።

ለወላጆች ኮሚቴ ግልጽ ጥያቄ አለን፦ አንድ የስክሪን ካሊብሬተር፣ ማለትም የስክሪንን ብርሃንና ቀለም ለክቶ ለማስተካከል የሚረዳ መሣሪያ። ለህትመት ሥራ የሚመከረው የስክሪን ብርሃን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን መለኪያ) ነው። ይህን ልጆቹ በዓይናቸው ይለኩ ማለት ያለ ሜትር ልብስ ስፉ እንደ ማለት ነው። መሣሪያው አንድ ቢሆንም የኮምፒውተር ክፍሉን ስክሪኖች በሙሉ ያስተካክላል።

የአያትየው ፎቶ በክበቡ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። በቀን መጥታችሁ እዩት።