ሰላጣው ቀፊራ ላይ እንዳይጠወልግ፦ የሦስት ማህበራት የድጋፍ ጥሪ

ከቀትር በኋላ የድሬዳዋ ገበያ ቀፊራ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው ሰላጣ ስምንት ሰዓት ላይ እጥፍጥፍ ብሎ ይተኛል። ሻጯ ጀሪካኗን ከጎኗ አንስታ ውሃ ትረጨዋለች። የጠወለገውን ቅጠል ከላይ ከላይ እየላጠች ትጥላለች፤ ዋጋውም አብሮ ይላጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ነገሩ "አቦ፣ በሰጣችሁኝ ውሰዱት" ላይ ይደርሳል።

ጥፋቱ የሷ አይደለም። አብዛኛው አትክልት የሚመጣው ከሐረማያ በኩል ነው። 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደጋ ውስጥ አድሮ የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ይወርዳል። 1200 ሜትር ላይ ያለችው ድሬ በሙቀቷ ትቀበለዋለች። ያልተሸጠውን የት ታሳድረው?

ሦስት ማህበራት የተገናኘነው በዚህ ምክንያት ነው፦ የሰፈራችን እድር፣ ጎረቤታችን ያለው አፎቻ (እሱም እንደ እድር መረዳጃ ነው) እና የገበያ ሴቶች የቁጠባና ብድር ማህበር። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ነበር። እድሩ ከአዳራሹ ጀርባ ባዶ ቦታ አለው። ከደቻቱ ወንዝ ራቅ ያለ ነው፤ የ1998ን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ለምን እንደምናነሳ ይገባዋል። አፎቻው ግንበኛና በያጅ ልጆች አሉት። ሴቶቹ ደግሞ ገበያውንም ሂሳቡንም ያውቁታል።

የምንሠራው የከሰል ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ግድግዳው ሁለት ድርብ የሽቦ ወንፊት ሲሆን በመሀሉ ከሰል ይሞላል። ከላይ በተበሳ ቱቦ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሰሉ ይጠጣዋል። ደረቅ ነፋስ ሲያልፍበት ውሃው ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ውሃ በሸክላ ጋን ውስጥ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው ይህም አይከብደውም። መብራት አይፈልግም። ክረምት ላይ አየሩ ሲረጥብ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህን ከአሁኑ እንናገራለን። የድሬን ውሃም ታውቁታላችሁ፣ ጀበና ሥር ኖራ ይጋግራል። ቱቦውን እንዳይደፍነው በየሳምንቱ የሚያጸዳ ሰው መድበናል።

"ፍሪጅ አይሻልም?" ያላችሁን አላችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ትልቅ ፍሪጅ ሰጥቶን ነበር። ፎቶ ተነሳን፣ አጨበጨብን። የመብራቱን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ግን ማንም አልጠየቀም። አሁን የእድሩ ብርጭቆና ሰሃን መደርደሪያ ሆኗል። ለነገሩ ቲማቲምም ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይበላሻል።

ክፍሉ በነፃ አይሠራም። ሻጮች ለአንድ ሳጥን በአዳር 10 ብር ይከፍላሉ። ከዚያ ላይ የጥበቃና የውሃ ወጪ ይነሳል። ትርፉ ለሦስቱም ማህበራት አይከፋፈልም፤ ጉልት ለመጀመር ለሚፈልጉ እናቶች መነሻ ብድር ይሆናል። በዚህ ላይ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተጨቃጭቀናል፤ ደግ አደረግን።

እስካሁን ከአባላት መዋጮ 74 ሺህ ብር ይዘናል። 110 ሺህ ይጎድለናል። ለሽቦ ወንፊት፣ ለቆርቆሮ፣ ለብረት፣ ለአንድ የ2000 ሊትር ሮቶና ለ60 የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ብር ያለው ብር፣ ዕቃ ያለው ዕቃ ይስጠን። ከሰል ነጋዴዎች፣ ከማዳበሪያው ሥር የሚቀረውን ስብርባሪ አትጣሉት፤ ዱቄቱ አይሆንም እንጂ ስብርባሪው ለኛ ወርቅ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን።

ገንዘቡ የሚገባው በቁጠባና ብድር ማህበሩ ሂሳብ ነው። ያለ ሦስት ፊርማ፣ ከየማህበሩ አንድ፣ ሳንቲም አይወጣም። 50 ብርም ብትሰጡ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ወጪው በየወሩ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።

መሠረቱን መቆፈር የምንጀምረው በመጪው እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።