ስለ ጃፓን የመጠጥ ዘፈኖችና ስለ ትዝታ ማይነር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባህል ገጻችሁ ስለ ጃፓን የመጠጥ ዘፈኖች የወጣው ጽሑፍ ሁለት ነገር ይላል፦ ዘፈኖቹ ስካርን ያሞግሳሉ፣ ዜማቸውም የእኛው ትዝታ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ግማሹ እውነት ነው። እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ማታ ማታ ኪቦርድ የሚጫወቱ ልጆች እነዚህን ዜማዎች በትዝታ መሃል ጣል ማድረግ ጀምረዋል። ስለዚህ ነገሩ በዝርዝር ቢጻፍ ለእነሱም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከቅኝቱ እንጀምር። «ኤንካ» የሚባሉት የጃፓን የብሶት ዘፈኖች በብዛት የሚዜሙበት ቅኝት «ዮናኑኪ» ይባላል። «ዮ» አራት፣ «ና» ሰባት፣ «ኑኪ» የወጣ ማለት ነው፤ ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ወጥተው አምስት ይቀራሉ። ከላ ተነስቶ ማይነሩን ለሚጫወት ሰው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ናቸው። ሁሉም ነጭ ቁልፎች ላይ ይገኛሉ፤ ሬ እና ሶል አይነኩም። ይህ ድምፅ በድምፅ ትዝታ ማይነር ነው። ክራሩ ከዶ ተነስቶ በትዝታ ሜጀር ተቃኝቶ ከሆነ ሚ እና ላ የያዙትን ክሮች ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ስድስተኛው ክር ከሁለቱ አንዱን በኦክታቭ የሚደግም ከሆነ ግን እሱም አብሮ ይውረድ፤ ይህ ሲረሳ ክራሩ ከራሱ ጋር ይጣላል።

ታዲያ ማን ከማን ወሰደ? «ለኮሪያ ጦርነት የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ከጃፓን አመጡት» የሚሉ አሉ፤ ጽሑፋችሁ ደግሞ ገልብጦ «ከእኛ ሄደ» ብሏል። የአውሮፓውያኑን ዓመተ ምህረት ማየት ነው። ኮጋ ማሳኦ ያቀናበረውና ፉጂያማ ኢቺሮ የዘፈነው «ሳኬ ዋ ናሚዳ ካ ታሜኢኪ ካ» የወጣው በ1931 ነው። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1951 ነው። ሃያ ዓመት ቀድሞ በሸክላ የተሸጠ ዜማ በዘማች ሊሄድላቸው አይችልም፤ የእኛ ትዝታም ኮሪያን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። አምስት ድምፅ መርጦ የሚያዜም ሕዝብ ከሌላው ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ከሌሎቹ ቅኝቶቻችን ባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ከኦኪናዋ ደሴቶች ቅኝት ጋር አንድ ነው፤ አምባሰልም «ሚያኮ ቡሺ» ከሚሉት የከተማ ቅኝታቸው ጋር ይገጥማል። በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድና አይቆጠርም።

አጨዋወቱ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ቀኝ እጅ ሬ እና ሶልን መሸጋገሪያ አድርጎ ሲጠቀም ነው፤ ያኔ ዜማው ተራ ማይነር ይሆንና ሐዘኑ ይጠፋል። ግራ እጅ ግን ይፈቀድለታል። የኤንካ አጃቢዎች ሬ ማይነር እና ሚ ሰባት የሚባሉትን ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በነፃነት ይመታሉ፤ ሚ ሰባት ውስጥ ሶል ሻርፕ አለ፣ ዜማው ውስጥ ግን የለም። ኮርድ ሁሉ ከአምስቱ ድምፅ ብቻ ይውጣ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ላ ማይነርና ፋ ሜጀር ላይ ታስሮ ይቀራል።

ሁለተኛው ምቱ ነው። ኪቦርዱ ላይ 6/8 ስታይል ተጭኖ ዜማው ወደ ችክችካ ሲገባ ቃላቱ ይጨፈለቃሉ። አብዛኞቹ በዝግታ በ4/4 የሚሄዱ ናቸው፤ ቀርፋፋ ባላድ ይመረጥ፣ ከበሮውም ዝቅ ይበል። ኮጋ ራሱ የጊታርና የማንዶሊን ሰው ስለነበር መግቢያዎቹ በተነጠለ የጊታር ጣት የሚሰሙ ናቸው፤ በስትሪንግ ድምፅ ማጥለቅለቅ ያበላሻቸዋል።

ሦስተኛው የድምፅ ማዞር ነው። ጃፓኖቹ «ኮቡሺ» የሚሉት አንድ ፊደል ላይ ቶሎ ተጠቅልሎ የሚፈታ አጭር ዙር ነው። በትዝታ እንደለመድነው ረጅም እያንቆረቆሩ መውረድ አይደለም። እሱን በየስንኙ መጨረሻ የሚያስረዝም ዘፋኝ ቀጣዩን ስንኝ ዘግይቶ ይጀምራል።

ግጥሙን ወደ አማርኛ ለሚመልሱ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እኛ ከሁሉም በላይ የምንወደውም ይህን ነው። ከላይ የጠቀስነውን ርዕስ በፊደል ቁጠሩት። ሳ፣ ኬ፣ ዋ፣ ና፣ ሚ፣ ዳ፣ ካ ሰባት ነው፤ ታ፣ ሜ፣ ኢ፣ ኪ፣ ካ አምስት። ሰባት-አምስት የጃፓን ግጥም ጥንታዊ ልኬት ነው፤ ድምሩ 12። የወል ቤት የሚባለው የእኛ የግጥም ልኬትም ስድስት ሲደመር ስድስት 12 ነው! ርዝመቱ ስለሚገጥም ተርጓሚው ተዘናግቶ በወል ቤት ይጽፋል፤ ዘፋኙ ግን የሚተነፍሰው ከሰባተኛው በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሐረግ ገና አንድ ፊደል እንደተዘፈነለት ይቆረጣል። መፍትሔው ስንኙን ከመጀመሪያው ሰባት-አምስት አድርጎ መግጠም ነው። በሰንጎ መገን አምስት-አምስት የለመደ ጆሮ የመጨረሻውን አምስት ለመያዝ አይቸገርም።

«ስካርን ያሞግሳሉ» ወደሚለው ስንመጣ፣ የዚያው የ1931 ዘፈን ርዕስ «መጠጥ እንባ ነው ወይስ ከልብ የሚወጣ የብሶት ትንፋሽ» ዓይነት ጥያቄ ነው። ሚሶራ ሂባሪ በ1966 ያወጣችው «ካናሺ ሳኬ» ስሙ ራሱ «አሳዛኝ መጠጥ» ነው፤ ብቻዋን የምትጠጣ ሴት ልትረሳው የፈለገችውን ሰው መጠጡ አያስረሳትም። በ1961 ኡኤኪ ሂቶሺ የዘፈነው አስቂኙ የቢሮ ሠራተኛ እንኳ አንድ ብቻ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ሲነቃ «ለጤና አይሆንም፣ ግን አልተው አለኝ» ይላል። በእርግጥ ጠጪን የሚያሞግስ አለ፤ የፉኩኦካው «ኩሮዳ ቡሺ» ትልቁን ዋንጫ ጨልጦ ጦር ስለተሸለመ ጀግና ነው። እሱ ግን የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ከኤንካ ጋር መደባለቅ የለበትም።

በመጨረሻ ጽሑፋችሁ ሳኬን «የሩዝ አረቄ» ብሎታል። አረቄ የሚወጣው በማፍላትና እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ ነው፤ ሳኬ ግን እንደ ጠላ ይጠመቃል። በጠላ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅል ነው፤ በሳኬ ይህን የሚሠራው «ኮጂ» የተባለ ሻጋታ ሩዙ ላይ በቅሎ ነው። አልኮሉ ከመቶ 15 ወይም 16 ይሆናል። ያሺሮ አኪ በ1979 በዘፈነችው «ፉናኡታ» ላይ መጠጡ ለብ ያለ ይሁን ይባላል፤ ይህም ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ወደ 40 ዲግሪ ማድረስ ነው። ቃሉን አረቄ ወይም ጠጅ ያደረገ ተርጓሚ ለብ ያለ አረቄ፣ ለብ ያለ ጠጅ ያዘፍናል፤ አድማጩም ግራ ይገባዋል። «ሳኬ» እንዳለ ይቀመጥ፤ ሁለት ፊደል ስለሆነ ከሰባቱም ከአምስቱም ሳይተርፍ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የክራርና የኪቦርድ አስተማሪዎች
ሐዋሳ