ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች፦ ስለ ቤት ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን

ክቡራን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ጠዋት በክፍል ውስጥ እያንቀላፋች አስቸገረች፤ መምህርቷም ተጨንቃ ወደ ቢሮዬ ይዛት መጣች። ልጅቷ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ መብራት ሲጠፋ እንደምትፈራ ነገረችን። ምን እንደሚያስፈራት ለመናገር ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በቤታቸው ኮምፒውተር ካርቱን ስታይ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየተከተለ ሄዶ፣ በመጨረሻ የምትወደው ገጸ ባሕርይ በስለት ሲቆራረጥ አይታለች። ለእናትና ለአባቷ ለምን እንዳልነገረች ስጠይቃት «ኮምፒውተሩን ይከለክሉኛላ!» አለችኝ። (ይህን የጻፍኩት ወላጆቿ ፈቅደውልኝ ነው፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ እባካችሁ አትድከሙ።)

ያየችው ነገር አሳዝኖኛል፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን መልሷ ነው።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ልጅ ፊት የሚደርሰው እንዲያው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች በሚያውቋቸው የካርቱን ገጸ ባሕርያት ተመስለው የተሠሩ፣ ውስጣቸው ግን ጭካኔና ነውር የሞላባቸው በርካታ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ ላይ መሠራጨታቸው በጋዜጦች ተጋልጦ ብዙ አነጋግሮ ነበር። አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕፃናት ተብሎ በተከፈተው ዩቲዩብ ኪድስ ውስጥ ሳይቀር ሾልከው ገብተዋል። ኩባንያው ብዙዎቹን አንስቷል፤ ዕይታ የማስታወቂያ ገንዘብ እስካስገኘ ድረስ ግን ተመሳሳዩን የሚሠራ አይጠፋም። ወላጅ ከማዶ ክፍል ሆኖ የሚሰማው የካርቱን ዘፈን ነው፤ ዘፈኑ እስካላቋረጠ ድረስ ልጁ ደኅና ይመስለዋል። ዛሬ ማታ ልታደርጉት የምትችሉት ትንሽ ነገር አለ፦ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይጀምር በማጫወቻው ላይ ያለችውን ማብሪያና ማጥፊያ ዝጓት። እዚያው ሳላችሁ በዩቲዩብ ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባለውን፣ በጉግል መፈለጊያ ደግሞ ሴፍሰርች የሚባለውን አብሩ። ሁለቱም ሁሉንም አያጣሩም፤ ብዙውን ግን ያስቀራሉ።

ወላጆች ስለዚህ ጉዳይ ሊያነጋግሩኝ ሲመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ነገር» ይላሉ፤ የራቁት ምስል ማለታቸው ነው። እርሱ መኖሩ እውነት ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከትንንሾቹ ተማሪዎቻችን አፍ ደጋግሜ የምሰማው ሌላ ነው፦ የምሽት ዜና። አዋቂዎች ዜና ስናይ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፤ የማያይም የማይሰማም ይመስለናል። አስከሬን፣ የተቃጠለ ቤት፣ የምታለቅስ እናት ሁሉ በልጁ ዓይን ውስጥ ያልፋል። አዋቂ ነገሩ የት እንደሆነ፣ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያውቃል። የስድስት ዓመት ልጅ ርቀትን አያውቅም፤ ነገ በእኛ ሰፈር ይሆናል ብሎ ይተኛል። ያው ምስል በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ሲደጋገምም አራት የተለያየ አደጋ የደረሰ ይመስለዋል። ዜናችሁን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተመልከቱ ብል አንዳንዶቻችሁ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እላለሁ።

ወደ መቆለፊያዎቹ ልለፍ። በዲሽ ሪሲቨርም ሆነ በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ቻናልን በምሥጢር ቁጥር መቆለፍ ይቻላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2000 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ፕሮግራሞችን በዕድሜ ደረጃ የሚዘጋ መሣሪያ እንዲኖረው ተደርጓል። እኔ ግን በቤቴ ያለው ሪሲቨር መቆለፊያ እንዳለው ያወቅሁት ከገዛሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ካወቅሁም በኋላ አራት ቻናሎችን ቆልፌ በኩራት ተቀመጥሁ። ልጄ በሁለተኛው ቀን ከፈተችው። የምሥጢር ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደነበረው 0000 ነበርና ምንም መራቀቅ አላስፈለጋትም። እናንተም ቁጥሩን ቀይሩት፤ የትውልድ ዓመታችሁንም አታድርጉት። ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ቴሌቪዥን ያላችሁ ደግሞ የቻናል መቆለፊያው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ዩቲዩብና ሌሎች መተግበሪያዎች ላይመለከት እንደሚችል አስታውሱ፤ እነርሱን ለየብቻ መቆለፍ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ላይ የምናየው ትልቁ ስሕተት ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ አካውንት መጠቀሙ ነው። አባት ሥራውን፣ ልጅ ጨዋታውን በዚያው ይከፍታል፤ ልጁም እንደ አባቱ የኮምፒውተሩ አዛዥ ነው፣ ያሻውን ይጭናል፣ ያሻውን ያነሳል። ለልጁ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው የራሱ አካውንት ክፈቱለት፤ የናንተን አካውንት በይለፍ ቃል ዝጉ። ያኔ ያደረጋችሁትን ቅንብር እንደ ልቡ ማፍረስ አይችልም። ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ ደግሞ ማጣሪያውን ዋይፋዩን በሚያሠራጨው ሳጥን፣ በራውተሩ ላይ ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ሲከፈት ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉም ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ እንደ ስልክ ማውጫ ቁጠሩት። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የወሲብ ገጾችን ከማውጫው የሚያስቀር አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። ራውተሩ ላይ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 የሚሉትን ቁጥሮች ማስገባት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ዋይፋይ የሚገናኘው ስልክም ቴሌቪዥንም ኮምፒውተርም በእርሱ ውስጥ ያልፋል። በሞባይል ዳታ የሚገናኝ ስልክ ግን አያልፍም። ማጣሪያውን አልፎ በሌላ መንገድ የሚያገናኘውን ቪፒኤን የሚባል ፕሮግራም መጫን የሚያውቅ ታዳጊም ያመልጣል። ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ፊልም ጭራሽ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በካርቱን ስም ተቀድቶ ሌላ ነገር ሆኖ የተገኘ ፋይል እኔ ራሴ አይቻለሁ። ከፍላሽ የመጣውን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት መሐሉንና መጨረሻውንም ክፈቱት።

ከማጣሪያው ሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ኮምፒውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሰው በሚያልፍበት ሳሎን፣ ስክሪኑ ወደ በሩ የዞረ ይሁን። ስልክ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ የእናንተም ጭምር፣ አለዚያ ሕጉ ለልጅ ብቻ የወጣ ቅጣት ይመስላል። ታናናሾች ላሏችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ፣ ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ከነጭራሹ እንዳይፈቀድ መክሯል።

አሁን ወደ ልጅቷ መልስ ልመለስ። ልጅ ክፉ ነገር ማየቱን ሲነግራችሁ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወሳኝ ናት። ብንጮህ፣ ኮምፒውተሩን ብንነጥቅ፣ «ማን ክፈት አለህ?» ብንል ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን። «ስለነገርከኝ ጎበዝ፤ ምን አየህ? ምን ተሰማህ?» በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። ምርመራው ይቆይ። በአጋጣሚ የገጠመው ልጅ አላጠፋም፤ ስለዚህም አይቀጣም። ይህን ቃል ነገሩ ከመድረሱ በፊት ስጡት፤ ኋላ ሲሆን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ትልልቆቹ ከገጠማቸው ይልቅ ራሳቸው ፈልገው የሚያገኙት ይበዛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ሰው አካል ለማወቅ መጓጓቱ የዕድሜው ነው። እኛ በሐፍረት ያልነገርነውን ስክሪኑ ይነግረዋል፤ ያውም ፍቅርም መከባበርም ከሌለበት ሥራ፣ በተከፈላቸው ሰዎች በኩል። እዚያ የሚታየው የሰው ኑሮ እንዳልሆነ ከእናንተ አፍ ይስማ። ቃላቱ ለሚያስቸግራችሁ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ትረዳችኋለች፤ እኔንም ያስቸግሩኛል። የልጃቸውን መልእክት በድብቅ የሚያነብ ሶፍትዌር ልጫን ወይ ብለው የጠየቁኝ ወላጆችም አሉ። እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 17 ልጅ መረጃ እንዲያገኝም ከጎጂ መረጃ እንዲጠበቅም ይላል፤ በአንቀጽ 16 ደግሞ የግል ሕይወቱን ይጠብቅለታል። መቆጣጠር ካለባችሁ ልጁ እያወቀ ይሁን።

በመጨረሻ የራሳችንን ጥፋት ልናዘዝ። «ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ የምንሰጠው እኛው ነን። ባለፈው ስለ ሰውነት ክፍሎች ፈልጉ ብለን የላክናቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ምን ምን እንዳገኙ ኋላ ሰማን፤ አፈርን። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ መምህራን የሚነበበውን ገጽ ራሳቸው አስቀድመው አይተው አድራሻውን በደብተር ያጽፋሉ፤ ኢንተርኔት ለሌለው ቤት ታትሞ ይሰጣል። አድራሻ ያልተጻፈበት የፍለጋ የቤት ሥራ ቢመጣ ልጁ እንዲሠራው አታስገድዱ፤ ለእኔ ጻፉልኝ።

የኮምፒውተር መምህራችን ዓርብ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅንብሮቹን አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሪሲቨራችሁንና የራውተራችሁን ሞዴል ከጀርባው ላይ ጽፋችሁ አምጡ። ልጆቹን ቤት ተዉአቸው፤ የምሥጢር ቁጥሩን የምንቀይረው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር