የቴክኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፍሬን ይቅደም

በየዓመቱ በወላጆች ቀን የምናቀርባቸው የካርቶን ድልድዮችና በባትሪ የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎች ዘንድሮ አልታዩም። ቅር ያላችሁ ወላጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ምክንያቱ ከግቢያችን ኒም ዛፎች ሥር ቆሞ ነበር፤ ከሠራዊቱ በጨረታ ወጥቶ ለዓመታት የተቀመጠና አንድ የተማሪ አባት «ለልጆቹ መማሪያ ይሁን» ብለው የሰጡን «ጋዝ 66» የተባለ የጭነት መኪና። የጂኦግራፊና የታሪክ ክበቦች የለገ ኦዳን የድንጋይ ላይ ሥዕሎች ለማየትም ሆነ ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ለመሄድ መኪና ይከራያሉ፤ ማደር ሲያምራቸው ደግሞ ድንኳን ይለምናሉ። ስለዚህ መኪናውን አድሰን አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ ቤት ልናደርገው ተስማማን።

ጋዝ 66 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1999 በሩሲያዋ ጎርኪ፣ በዛሬዋ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ፣ ሲመረት የኖረ ነው። ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሩ 115 የፈረስ ጉልበት አለው። ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ስለተቀመጠ ለጥገና ጋቢናው ወደ ፊት ይዘነበላል፤ የማርሹ ዘንግም ከሾፌሩ ኋላ በስተቀኝ ቀርቷል። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (የማርሾቹን ፍጥነት አስማምቶ የሚያጋጥም ክፍል) ስለሌላቸው ወደ ታች ሲቀየር ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ ይረገጣል። የትምህርት ቤታችን ሾፌር ለመልመድ ሲታገሉ ተማሪዎቹ ከመስኮት ሆነው ያጨበጭቡላቸው ነበር፤ እርሳቸው አልወደዱትም።

መስከረም ላይ ምን ይቅደም ብዬ ስጠይቅ መልሱ ቀለም፣ መጋረጃና የድምፅ ማጉያ ሆነ። እኔ ፍሬን አልኩ፤ እስከ ታኅሣሥም ሌላ ነገር አልነካንም። በዚህ የተሰላቹ ወደ ድራማ ክበብ ተሻግረዋል፣ መልካም ዕድል እመኝላቸዋለሁ። ከተማችን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለውን የደንገጎን ዳገት መውጣት የሞተር ጉዳይ ነው፤ መውረዱ ግን የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው። የዚህ መኪና ፍሬን በዘይት የሚሠራ ሆኖ ከሞተሩ በሚገኝ የቫኪዩም (የአየር መምጠጥ) ኃይል ይታገዛል። ሞተሩ ከጠፋ እገዛው ያልቃል፣ ፔዳሉም ይደነድናል። ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሽ ነቅሎ በፎሌ መውረድን እንደ ብልጠት የሚቆጥሩ ሰዎች ስላሉ ይህን በሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ጻፍኩት።

የፍሬኑ ሲሊንደሮች በዝገት ተበልተው፣ ጎሚኒዎቹም ደርቀው አገኘናቸው። በከተማችን ታይዋን ገበያ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ የጋዝ 66 የፍሬን ሲሊንደር ግን የለም። ደግነቱ ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ጋር የመጣች ናት፤ ባቡሩ ወርክሾፕ አመጣ፣ ወርክሾፑም ቶርኖ የሚያውቁ ሰዎችን አፈራ። ከእነርሱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ባለሙያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይረዱን ጀመር። የተበሉትን ሲሊንደሮች ውስጣቸውን አስፍተው የነሐስ ቱቦ አስገቡባቸው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ መለኪያውን ካሊፐር አንብባ «በግምት ጋሼ...» ብላ ስትጀምር «ልጄ፣ ግምት ለሽንኩርት ነው» አሏት። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከእርሷ የተሻለ ለኪ አልተገኘም።

ቤቱን ስንሠራ ትልቅ ክርክር ተነሣ። የብየዳ ቡድኑ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር ዙሪያውን ሊበይደው ፈለገ። የዚህ ዓይነት መኪና ሻንሲ ግን ጎማዎቹ ከመሬት እንዳይለቁ ሲባል ጉድጓድ ላይ እንዲጠማዘዝ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ቤቱ ጠንካራ ሳጥን ሆኖ ዙሪያውን ከታሰረ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ሳይሻገር ብየዳው ይሰነጠቃል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ በማንኛውም ወለል ላይ እንደማይንገዳገድ ሁሉ ሳጥኑን በሦስት ነጥብ ብቻ አሳረፍነው፦ ኋላ ሁለት ቋሚ፣ ፊት መሐል ላይ አንድ የሚዞር። ግድግዳው ከውጭ ላሜራ፣ መሐሉ ፎም፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጣሪያው ለፀሐያችን ሲባል ነጭ ተቀብቷል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ የሲሊንደሩ ሣጥን መተንፈሻ ቀዳዳ ከታች ነው። መኪናው የሚችለው 2 ቶን በመሆኑና አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ሻወር የጠየቁትን አሳዝኛለሁ።

የሊብሬውና የቦሎው ጉዳይ በሚያዝያ አለቀ፤ ስለ ምልልሱ ባልጽፍ ይሻላል።

በግንቦት ሐሮማያ ወጥተን አደርን። ሴቶቹ ከመምህርታቸው ጋር በመኪናው፣ ወንዶቹ በተለመነው ድንኳን። ለድሬዳዋ ሙቀት ያሰብነው ፎም የጠቀመን ለሐሮማያ ብርድ ነው፤ ጠዋት ከድንኳኑ የወጡትን ፊት ያየ ይመሰክራል። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ታች ደርሰን ጎማዎቹን ስናሸት የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አልነበረም። ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር በላይ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ይህን አንቀጽ እንዲዘለው እጠይቃለሁ።

ለመጪው ዓመት የውኃ ጋኑ፣ የሶላር ፓኔሉና ሁለት መስኮቶች ቀርተዋል። አዲስ አባላት ቅዳሜ ጠዋት ቱታ ለብሳችሁ ኑ። 17 ቁጥር ቁልፍ የወሰደም ከክረምቱ በፊት መሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ያስቀምጥ፤ ማንነቱን አልጠይቅም።