«በሬዲዮ ቀጥሏል» የተባለው ትምህርት እኛ ዘንድ አልደረሰም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የኮሮና ወረርሽኝ በትምህርት ላይ ስላደረሰው ጉዳት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በብዙው እስማማለሁ። «ትምህርት ቤቶች ቢዘጉም ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀጥሏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ለወሎ ገጠር ሐሰት ነው፤ ዘጋቢያችሁ ከኩታበር ከተማ ወደ ቆላው ጥቂት ወረድ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ባልጻፈው ነበር። ፕሮግራሙ መተላለፉን አልክድም። መተላለፉ ግን መድረሱ አይደለም።

በመጋቢት 2012 በሩ ሲዘጋ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ ልጆቹ ፊደል ለይተው ቃል መመሥረት የጀመሩበት ወቅት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ሬዲዮ እንዲያስከታትሉ ለመንገር በየቤቱ ዞርሁ። አንዲት እናት «መምህር፣ ሬዲዮውስ አለ፤ ድንጋዩን ማን ይግዛልን?» አሉኝ። ድንጋይ በተገኘበት ቤትም ሬዲዮው ከአባትየው ጋር እርሻ ይውላል፤ ገደል ሥር ላሉት ደግሞ ጣቢያው ጨርሶ አይሰማም። ለመሆኑ ገና ፊደል ያልለየ ልጅ በጆሮው ብቻ ማንበብ ይማራል?

በ2013 ክፍሎች ተራ በተራ ሲከፈቱ እነዚያ ልጆች ያለ ፈተና ሁለተኛ ክፍል ገብተው፣ በፈረቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይማሩ ጀመር። አንዲቷን እንድታነብልኝ ብጠይቃት ገጹን ያለ ስሕተት ወረደችው፤ ጣቷ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። በቃሏ ይዛው ኖሯል። ከመሐል አንድ ቃል ነጥዬ ባሳያት ዝም አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ከእሷ ጋር ከተቀመጡት ብዙዎቹም እንደዚያው ነበሩ።

ዘገባው ሰባት ወር ቆጥሮ ይጨርሳል። የእኛ ሰባት ወር አልነበረም። ልጆቹ ያጡትን ሳናካክስላቸው በነሐሴ 2013 ወልድያ፣ በጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ተያዙ፤ ትምህርት ቤታችንም ዳግም ተዘጋ። ስንመለስ ዴስኩ ለማገዶ ነድዶ ጠበቀን። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከገበታቸው የተነሡት እነዚያው ልጆች ሆነው ሳለ፣ በዚያ ረጅም ዘገባ ውስጥ ወሎ የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ አለመኖሩ አሳዝኖኛል፤ አስቆጥቶኛልም።

የምጠይቀው ማረሚያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለደረሳቸው ልጆች ትምህርቱ ቀጥሏል፤ ለብዙ የገጠር ልጆች ግን ተቋርጧል» ተብሎ በሚቀጥለው እትም ይስተካከልልን።

አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር
ከኩታበር፣ ደቡብ ወሎ